የዘጠነኛ ክፍል ውጤት እስከ ዩኒቨርሲቲ በር ይከተላል?

ለቤተሰብ ጉዳይ ደብረ ብርሃን ሄጄ ሳለ ከአንኮበር የመጡ አንድ አባት አነጋገሩኝ። ልጃቸው ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት ተከራይታ 11ኛ ክፍል ትማራለች። እሳቸውም 40 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ እየተመላለሱ ስንቋን ያደርሱላታል። ከኮታቸው ኪስ የልጅቱን ካርድ አውጥተው አሳዩኝ። አንደኛ ደረጃን ጎበዝ ሆና ጨርሳ፣ ዘጠነኛ ላይ ክፉኛ ወርዳ፣ አሥረኛ ላይ እንደገና የተነሳች ልጅ ናት።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ። «ይቺ የዘጠነኛዋ ነገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዳትገባ ታግዳታለች? የምታግዳት ከሆነ የቤት ኪራዩን ከምገፈግፍ ካሁኑ ትመለስና ታግዘኝ።»

ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቻቸውን በውድ የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ባልደረቦቼም በሌላ አነጋገር ይህንኑ ይጠይቁኛል። መልሱ እንደ ዘመኑና እንደሚታሰበው ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ያገኘሁትን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

ከማትሪክ እስከ አሥረኛ ክፍል ፈተና

በእኛ ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር። ሚኒስትሪ ያለፈ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው አንድ ፈተና ነው፤ 12ኛ ክፍል ላይ የሚሰጠው ማትሪክ። በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል አንደኛም ወጣህ ሠላሳኛ፣ የማትሪክ ነጥብህ ካማረ ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ። ያልቀናው በግል ተመዝግቦ ደግሞ ይፈተን ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህንን ለወጠው። ሁለተኛ ደረጃ ለሁለት ተከፈለና የመጀመሪያው አሥረኛ ክፍል ላይ በብሔራዊ ፈተና የሚዘጋ ሆነ። ይህ ፈተና በ1993 ዓ.ም. ሲጀመር፣ አልፈው መሰናዶ የገቡት ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወሰዱ። የአሥረኛ ክፍሉ ውጤት ከኤ እስከ ኤፍ በፊደል ይሰጥና በሰባት ትምህርቶች ተሰልቶ ከ4 ነጥብ ይያዝ ነበር። መሰናዶ የሚያስገባው ነጥብ በየዓመቱ ይወሰናል፤ ለሴት ተማሪዎችም ዝቅ ይል ነበር። ያልደረሰው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ከተማ ሆና ስለኖረች፣ በአሥረኛ ክፍል ውጤት ዕጣው የተወሰነ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም።

ስለዚህ በዚያ ዘመን የቀድሞ ክፍል ውጤት በሩን ይዘጋ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሥራው በሩን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነበር። መሰናዶ ከገቡ በኋላ አራት ነጥብ ያመጣውም፣ ለጥቂት ያለፈውም እኩል ይሆናሉ፤ ዩኒቨርሲቲና የትምህርት መስክ የሚለየው የ12ኛው ውጤት ነው። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል።

ዛሬ የሚቆጠረው

አሁን አንድ ተማሪ በመንግሥት ምደባ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ነው። የዘጠነኛ፣ የአሥረኛም ሆነ የአሥራ አንደኛ ክፍል የካርድ ውጤት በስሌቱ ውስጥ የለም። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ወደ ዘጠነኛ ከማሻገር ያለፈ ሚና የለውም።

የዚህ ፈተና ክብደት ግን ከ2014ቱ ተፈታኞች ወዲህ በጣም ጨምሯል። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ተሰርቆ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል። ኩረጃውና ስርቆቱ አልገታ ሲል የ2014 ዓ.ም. ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በማስገባት ተሰጠ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ። ውጤቱ አገር አስደነገጠ። ካለፈው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ከሺሕ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት የተሻሉት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እየወሰዱ ሌላ ዕድል እንዲያገኙ ተደርጓል።

ይህ ቁጥር ለወላጅ የሚናገረው ነገር አለ። በየትምህርት ቤቱ ካርድ ላይ 85 እና 90 የተጻፈላቸው ብዙ ልጆች ብሔራዊ ፈተናው ላይ ግማሹን ማግኘት አቅቷቸዋል። ማዕከሉ የካርድን ውጤት ለምደባ የማይጠቀምበት ምክንያት ከዚህ ይገባናል። የአንዱ ትምህርት ቤት 90 ከሌላው 60 ጋር ላይመጣጠን ይችላል።

ራሳቸው የሚፈትኑት

የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በተፈጥሮ ሳይንስ ጥሩ ውጤት ያመጡትን በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ሲመርጡ ቆይተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች የራሱን ፈተና ይሰጣል። ብሔራዊ ፈተናውን ማለፍ የግድ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ሁለተኛ ወንፊት አለ ማለት ነው። እዚህም ቢሆን የዘጠነኛ ክፍል ካርድ አይመዘንም።

ከገቡ በኋላም ውድድሩ አያበቃም። በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የፍሬሽማን ፕሮግራም እንደ ሕክምና ያሉ ተፈላጊ መስኮችን ለመምረጥ የአንደኛ ዓመትን ውጤት ወሳኝ አድርጎታል።

ባሕር ማዶ ለሚያስቡ

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለውን ሙሉ ትራንስክሪፕት ይጠይቃሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አገር አመልካችን የገንዘብ አቅም ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን ስለሚሸፍኑ፣ የእኛ ጎበዝ ልጆች ዓይን እነሱ ላይ ነው። በእነዚህ ቦታዎች የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ይነበባል። ሆኖም የሚነበበው ከአሥረኛውና ከአሥራ አንደኛው ጋር አብሮ ነው፤ ወድቆ የተነሳና ከፍ ብሎ የወረደ ተማሪ አንድ አይደሉም። የትምህርት ቤቱ ሁኔታና የመምህራን ደብዳቤም ይታያል። ኤስኤቲም ተመልሷል፤ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሃርቫርድ በ2024 ግዴታ ማድረጋቸውን አስታውቀዋል።

እንግሊዞች ዘንድም ክርክሩ የቆየ ነው። በ16 ዓመት የሚወሰደውን የጂሲኤስኢ ውጤት ኦክስፎርድ ለሕክምና ትምህርት ዕጩዎችን ሲለይ ከተማሪው ትምህርት ቤት ደረጃ ጋር እያነጻጸረ ይመዝነዋል። ካምብሪጅ በበኩሉ ዝቅተኛ የጂሲኤስኢ መስፈርት አላስቀመጠም።

ካርዱ ሳይቆጠር ሲቆጠር

እንግዲህ በአገር ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ውጤት አይቆጠርም ብዬ ላብቃ? አልችልም። ቁጥሩ ባይቆጠርም ትምህርቱ ይቆጠራል። የዘጠነኛውን የአልጀብራ መሠረት ያልጨበጠ ልጅ የአሥራ ሁለተኛውን ካልኩለስ በጥናት ብዛት አይወጣውም።

የአንኮበሯ ልጅ ለምን እንደወረደች መገመትም አይከብድም። የአንደኛ ደረጃን ትምህርት አብዛኛውን በአማርኛ የተማረ ልጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይቀበላል። በዚያው ላይ ከቤት መራቅ፣ ራስን ችሎ ማብሰል፣ ኪራይ ቤት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ወራትና ዓመታት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ብሔራዊ ፈተናው ግን ጥያቄውን የሚያቀርበው ሳይቋረጥ ለተማረውም ተቋርጦ ለተማረውም አንድ አድርጎ ነው። የኩረጃው በር መዘጋቱን እደግፋለሁ። የአራት ዓመት ትምህርት በጥቂት ቀናት ፈተና ብቻ መመዘኑ ግን ቅር ይለኛል። የትምህርት ቤት ውጤት የሚታመን ቢሆን ኖሮ ጥቂት ክብደት ሊሰጠው በተገባ ነበር።

ለወላጆች ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የዘጠነኛ ክፍል ካርድ ዝቅ ካለ በየትኛው ትምህርት እንደሆነ ይለይና ክረምቱን በእሱ ላይ ይሠራበት። ሁለተኛ፣ የልጁን የካርድ ውጤት በቀደሙ ብሔራዊ ፈተናዎች ፈትኑት፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ካርዱን አትመኑ። ሦስተኛ፣ የየዓመቱን ካርድና ትራንስክሪፕት አስቀምጡ። ዛሬ የማይፈለግ ወረቀት ነገ ለውጭ ዕድል ይፈለጋል፤ ትምህርት ቤት ተቃጥሎ ወይም ተዘርፎ መዝገብ ሲጠፋ ደግሞ ማስረጃው ቤት ያለው ብቻ ይሆናል።

ለአንኮበሩ አባት ያልኳቸው በአጭሩ ይህንኑ ነው፤ «ዘጠነኛዋ አታግዳትም ጋሼ። የሚያግዳት አሁን ካቋረጠች ነው።» ትንሽ ዝም አሉና፣ «እንዲያ ከሆነ እንግዲህ የሚያዝያውን ኪራይም እከፍላለሁ» አሉኝ። ካርዱንም አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው ሊመልሱ ሲሉ፣ እንዳይታጠፍ በላስቲክ እንዲይዙት ነገርኳቸው።