ቸኮሌት፦ ስሙን ማን አወጣለት?

"ቸኮሌት ማለት ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ በየቦታው የምታገኙት መልስ አንድ ዓይነት ነው። ቃሉ የመጣው አዝቴኮች ይናገሩት ከነበረው ከናዋትል ቋንቋ ነው፤ "ሾኮክ" መራራ፣ "አትል" ውሃ፤ ሲገጣጠም "መራራ ውሃ"። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ለማስታወስም ይቀላል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው።

አንደኛ፣ "ሾኮክ" መራራ ሳይሆን ጎምዛዛ ማለት ነው። ለመራራ ናዋትል "ቺቺክ" የሚል ሌላ ቃል አለው። ሁለተኛ፣ ሁለቱን ስናጋጥማቸው የምናገኘው "ሾኮአትል" ነው። ታዲያ "ቸኮሌት" ውስጥ ያለችው "ል" ከየት መጣች? ሦስተኛውና ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ መነኩሴው አሎንሶ ደ ሞሊና እ.ኤ.አ. በ1571 ባሳተመው ትልቅ የናዋትል መዝገበ ቃላት ውስጥ ይህ ቃል የለም። እዚያ መጠጡ የሚጠራው በካካዎ ስም፣ "የካካዎ ውሃ" ተብሎ ነው።

"ካካዎ" የሚለው ቃል ግን ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጓቲማላ ውስጥ፣ ሪዮ አሱል በተባለ ቦታ፣ ከአንድ የማያ መቃብር ክዳኑ እየተጠመዘዘ የሚዘጋ እንስራ ተገኘ። ላዩ ላይ በማያ ፊደል "ካካው" ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ የቀረው ዝቃጭ ላቦራቶሪ ሲገባ በእርግጥም ካካዎ ሆኖ ተገኘ። ከ1,500 ዓመት በፊት የተለጠፈ ስም፣ ዛሬም እኛ አፍ ላይ አለ!

ታዲያ "ቸኮሌት" ከየት መጣ? አንዳንዶች ስፔኖች የማያውን "ቾኮል" (ትኩስ) ከናዋትሉ "አትል" ጋር አዳቀሉት ይላሉ። አዝቴኮች መጠጡን የሚወዱት በአብዛኛው ቀዝቃዛውን ነበር፤ ስፔኖቹ ግን ትኩሱን ለመዱ። ደግሞ በስፔንኛ "ካካ" ሕፃናት ለዓይነ ምድር የሚሉት ቃል ነው። ቡናማና ወፍራም መጠጥ በዚህ ስም ጠርቶ እንግዳ መጋበዝ ትንሽ ይከብዳል!

የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ካረን ዳኪንና ሶረን ዊችማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ሌላ መንገድ አሳዩ። በአንዳንድ የናዋትል ዘዬዎች መጠጡ እስካሁን "ቺኮላትል" ይባላል። እነሱ እንደሚሉት "ቺኮል" አረፋ እንዲወጣው መጠጡ የሚመታበትን እንጨት ያመለክታል። ይህ እውነት ከሆነ ስሙን ያወጣው ምሬቱ ሳይሆን፣ ቆማ የምትመታው ሴት በእጇ የያዘችው መሣሪያ ነው።

እኛም ይህን ዓይነት ነገር እናውቀዋለን። "ኮፊ" ከከፋ መጣ ሲባል ደስ ይለናል፤ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ቃሉን የሚያያይዙት ከዓረብኛው "ቀህዋ" ጋር ነው። ቡናው ከኛ መሆኑ ስሙም ከኛ መሆኑን አያረጋግጥም።

"መራራ ውሃ" የሚለው ተረት ጉዳቱ ምንድነው ትሉ ይሆናል። ናዋትል የሞተ ቋንቋ አይደለም፤ ዛሬም ሜክሲኮ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይናገሩታል። ለአንድ ሕዝብ ቃል የሚመች ትርጉም ፈጥሮ ከመለጠፍ በፊት፣ ባለቤቶቹ ዛሬ ምን ብለው እንደሚጠሩት መስማት ይሻላል። የ"ቺኮላትል" ፍንጭ የተገኘውም እንዲህ ነው፤ ከተናጋሪዎቹ አፍ።