የአንድ ሰዓት እንግዶች፦ የተራራ ጎሪላና የጎብኚዎቹ ታሪክ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጥናት ንድፉን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ጎብኚዎች በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለሚገኙ የዱር እንስሳት ጥበቃ ያላቸውን አመለካከት ሊያጠና አስቧል። መጠይቁን ገለጥ አደረግሁት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት ሊጠበቁ ይገባል ብለው ያምናሉ?» ይላል፤ ከሥሩም «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ አምስት ምርጫዎች ተደርድረዋል። «ለዚህ ‹አልስማማም› ብሎ የሚመልስልህ ጎብኚ ታገኛለህን?» አልሁት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። እንዲህ ላለው ጥያቄ እኔ ራሴ አንድ ቀን ምን ብዬ እንደ መለስሁ፣ በዚያው ዕለት ጠዋትም ምን አድርጌ እንደ ነበር ትዝ ብሎኝ ነው። ወደዚያ ጉዳይ እመለሳለሁ።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ተራራ ጎሪላ ነው፤ ይልቁንም ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ኮንጎ በሚገናኙበት በቪሩንጋ ተራሮች እርሱን ለማየት ስለ ሄዱ ሰዎች ነው። በአማርኛ ጎሪላን ከዝንጀሮና ከጦጣ ጋር ደባልቀን እንጠራዋለን፤ እርሱ ግን ጅራት የሌለው፣ ከቺምፓንዚና ከቦኖቦ ቀጥሎ ለሰው ልጅ በሥጋ የሚቀርብ ፍጥረት ነው። ይህ ቅርበት ለታሪኩ ቁልፍ ነው። ሰውን ወደ ተራራው የሚስበው እርሱ ነው፤ የሰው በሽታ ለጎሪላው የሚተርፈውም በእርሱ ምክንያት ነው።

በኦክቶበር 1902 ሮበርት ፎን ቤሪንገ የተባለ ጀርመናዊ የጦር መኮንን የሳቢንዮን ተራራ ሲወጣ ሁለት ጎሪላዎች ተኩሶ ገደለ። የተገኘው ቅሪት ወደ በርሊን ተልኮ በ1903 ፓውል ማትሺ አዲስ ዝርያ መሆኑን አስታወቀ፤ ስሙንም በተኳሹ ስም ሰየመው። ሳይንስ ይህን እንስሳ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያ መኮንን ስም ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ዐሥርተ ዓመታት አዳኞችና የሙዚየም ሰብሳቢዎች ከ50 የማያንሱ ጎሪላዎችን ከነዚህ ተራሮች ወሰዱ፤ የስዊድኑ ልዑል ቪልሄልም በ1921 የመራው ጉዞ ብቻውን 14 ገድሏል።

በዚያው በ1921 ካርል ኤክሊ ለኒው ዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ናሙና ሊሰበስብ መጣ። ስለዚህ ሰው ትንሽ ልቆይ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ጎብኚዎች ሁሉ ጠባይ በእርሱ ውስጥ ተጠቃሎ አገኘዋለሁና። ኤክሊ ጎሪላዎቹን ገደለ፣ ቆዳቸውን ገፈፈ፣ ፊታቸውን ቀረጸ። ከዚያ ደግሞ የነፍሰ ገዳይነት ስሜት እንዳያሸንፈው መታገል እንደ ነበረበት በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። ወደ አገሩ ሲመለስም ለጎሪላዎቹ መጠለያ እንዲከለል መወትወት ጀመረ። የቤልጅጉ ንጉሥ ቀዳማዊ አልበርት ቀደም ሲል የአሜሪካን ብሔራዊ ፓርኮች ጎብኝተው ስለ ነበር ሐሳቡ አልከበዳቸውም፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የሚቆጠረው የአልበርት ፓርክ በ1925 ተቋቋመ። ኤክሊ በ1926 ተመልሶ መጣና በሚኬኖ ተራራ ላይ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። የገደላቸው ጎሪላዎች ዛሬም በኒው ዮርክ ከመስታወት በስተኋላ ቆመዋል።

ኤክሊን ግብዝ ማለት ይቀለናል። እኔ ግን አልለውም። የወደደውን ነገር መቅረብ፣ የቀረበውን መያዝ፣ የያዘውን ለሌላው ማሳየት ፈለገ። መሣሪያው ጠመንጃ ስለ ነበር ፍላጎቱ በሞት ተፈጸመ። ጠመንጃው በካሜራ ሲተካ ፍላጎቱ አብሮ መለወጡን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም።

በ1955 ዋልተር ባውምጋርትል የተባለ ጀርመናዊ በኡጋንዳዋ ኪሶሮ አንድ አነስተኛ ሆቴል ተረከበ፤ እንግዶቹ ጎሪላ እንዲያዩለት ምግብ እያስቀመጠ እንስሶቹን ሊያባብል ሞከረ። ጎሪላዎቹ ብዙም አልተባበሩትም። በ1959 እና 1960 ጆርጅ ሻለር ያለ ጠመንጃ በትዕግሥት ተቀምጦ አጠናቸው፤ በቪሩንጋ 450 ያህል እንደሚኖሩም ገመተ። በ1981 በተደረገው ቆጠራ የተገኙት 254 ብቻ ነበሩ።

በእነዚህ ሃያ ዓመታት ውስጥ ምን ሆነ? ወጥመድና አደን አለ፤ ጦርነት አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን መሬት አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሩዋንዳ በኩል ካለው ፓርክ 10,000 ሄክታር ያህል ተቆርሶ ፓይረትረም ለተባለው፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት ለሚወጣው አበባ ተሰጠ፤ ገንዘቡ የመጣውም ከአውሮፓ የልማት ፈንድ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን በኒው ዮርክና በብራስልስ ጎሪላን የሚወዱ ሰዎች እንደ ነበሩ ሁሉ፣ ከዚያው ዓለም የመጣ ገንዘብ የጎሪላውን ደን ይመነጥር ነበር።

ዳያን ፎሲ ካሪሶኬ የተባለውን የምርምር ሰፈር የመሠረተችው በሴፕቴምበር 1967 ነው። ፎሲ ጎብኚን አትወድም ነበር፤ ጎሪላው አንዱን ሰው ካመነ ሌላውንም ያምናል፣ ሌላው ደግሞ አዳኝ ሊሆን ይችላል የሚለው ሥጋቷ ከንቱ አልነበረም። ዲጂት ብላ የሰየመችው ጎሪላ ፎቶግራፍ ሩዋንዳን እንዲጎበኙ በሚጋብዝ የቱሪዝም ማስታወቂያ ላይ ታትሞ ነበር። ያው ዲጂት ታኅሣሥ 1977 በመጨረሻው ቀን በአዳኞች ተወግቶ ሞተ፤ ራሱና እጆቹም ተቆርጠው ተወሰዱ። ሞቱ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ዜና ተነገረ፤ መዋጮም ጎረፈ።

ሆኖም መዋጮው እየጎረፈ ሳለ ከቀረው ፓርክ 5,000 ሄክታር ያህል ለከብት እርባታ የመስጠት ዕቅድ ይመከርበት ነበር። በ1978 ወደ ሩዋንዳ የመጡት ቢል ዌበርና ኤሚ ቬደር ያስተዋሉት ይህን ነው። ሩቅ አገር ያለ ሰው ስለ ጎሪላው ምን እንደሚሰማው ከመጠየቅ ይልቅ ዌበር በፓርኩ ጥግ ድንች የሚያበቅለውን ገበሬ ጠየቀ። ገበሬው ደኑ ለእርሻ ቢሰጥ ምን ክፋት አለው የሚል ነበር፤ ልጆቹ ብዙ፣ ማሳው ጠባብ ነውና። እንግዲህ ለመንግሥትም ለገበሬውም ከከብቱ የተሻለ ገቢ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። በ1979 የተጀመረው የተራራ ጎሪላ ፕሮጀክት ጥቂት ቤተሰቦችን ከሰው ጋር አላመደ፤ ለጎብኚዎችም ደንብ አወጣ፦ ቁጥራቸው ጥቂት ይሁን፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩ፣ ገንዘብ ይክፈሉ። የከብት እርባታው ዕቅድ ቀረ።

የቱሪዝም ደጋፊዎች ዘወትር የሚያነሡት መከራከሪያ ከእኛው «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ጋር ይመሳሰላል፤ ሰው ጎሪላውን ካየ ይወደዋል፣ ከወደደው ይጠብቀዋል የሚል ነው። እኔ የዚህን ዘመን ታሪክ ሳነብ የማየው ሌላ ነው። ጎሪላውን የጠቀመው የጎብኚው ናፍቆት ዋጋ ተተምኖለት በአንድ ሰዓት መገደቡ ነው። ያ ገደብ ባይኖር ናፍቆቱ ራሱ ምን ሊያደርግ ይችል እንደ ነበር በ1988 ታየ። በዚያ ዓመት ከሰው ጋር በተላመዱት ቤተሰቦች ውስጥ የመተንፈሻ አካል በሽታ ገብቶ ስድስት ጎሪላዎች ሞቱ፤ ኩፍኝ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ስለ ተጠረጠረም 65 ጎሪላዎች ተከተቡ። በ2009 ደግሞ በሩዋንዳ አንድ ቤተሰብ የሰው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ይዞት ሁለት ሞተውበታል።

በዚህ ምክንያት ጎብኚ ከጎሪላ 7 ሜትር እንዲርቅ ታዘዘ። በኡጋንዳው ብዊንዲ ፓርክ ተመራማሪዎች እውነተኛውን ርቀት ሲለኩት ግን አማካዩ ከሦስት ሜትር ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በ2020 የታተመ ሌላ ጥናትም ከታዩት ጉዞዎች ደንቡ ያልተጣሰበት የለም ማለት በሚቻል ሁኔታ መጣሱን ዘግቧል። በዚያው ፓርክ በ2018 በታተመ ጥናት ጎብኚዎች የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ለማድረግ ፈቃደኛ መሆናቸው ሲጠየቅ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ አዎን ብለው ነበር። የተናገሩት ውሸት አይመስለኝም። ቃሉና እግሩ በአንድ ሰው ውስጥ ተለያይተው መኖራቸው ነው ጉዳዩ። አስጎብኚውም ቢሆን ጉርሻውን የሚሰጠውን ሰው «ወደ ኋላ በል» ለማለት ይከብደዋል።

አሁን የራሴን ልናገር። ለአንድ ጉባኤ ወደ ሩዋንዳ በሄድሁበት ጊዜ፣ የመግቢያ ፈቃዱ 750 ዶላር በነበረበት ዘመን፣ አዘጋጆቹ ለጥቂቶቻችን ፈቃድ ገዙልን። በዚያ ጠዋት ጉንፋን ጀማምሮኝ ነበር። ከመውጣታችን በፊት መሪያችን የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ዝም አልሁ። በራሴ ደመወዝ ዳግመኛ የማላገኘው ዕድል ነው ብዬ ነው ዝም ያልሁት። በጭቃና በሳማ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ወጣን። ቤተሰቡን ስናገኝ አንድ ግልገል እናቱን ትቶ ወደ እኔ መጣ። መሪው እንድሸሽ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ እኔ ግን ምልክቱን ያላየሁ መስዬ ቆምሁ። ከሰዓት በኋላ ማረፊያችን ስንደርስ አንድ መጠይቅ ታደለን። ጎሪላዎች ሊጠበቁ ይገባል ለሚለው «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ስመልስም አልዋሸሁም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በጋዜጣ ላይ ስለ ታመሙ ጎሪላዎች የሚያወራ ዜና ስፈልግ ቆየሁ።

ከ1990 ጀምሮ ስለ ነበረው ጦርነትና በ1994 ስለ ተፈጸመው የዘር ማጥፋት እዚህ በጥቂት ቃላት ልናገር አልፈልግም፤ ከጎሪላ ጋር አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ አይደለምና። ለርእሳችን የሚበቃው፣ ጎብኚ ባልነበረባቸው ዓመታት ጎሪላዎቹን ሲጠብቁ የሞቱት የአካባቢው ተወላጅ የፓርክ ጠባቂዎች መሆናቸው ነው። በማርች 1999 በብዊንዲ ስምንት የውጭ ጎብኚዎች በታጣቂዎች ተገደሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሩዋንዳ የራሷን ፓርክ ለጎብኚ ከፈተች። ከ2005 ጀምሮ ከፓርኮች ገቢ 5 በመቶው ለአካባቢው ሕዝብ ሲሰጥ ቆይቶ በ2017 ወደ 10 በመቶ አደገ፤ በዚያው ዓመት የፈቃዱ ዋጋ ወደ 1,500 ዶላር ተሰቀለ። በ2018 የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር ከ1,000 ማለፉ ታወቀ፤ «እጅግ በአስጊ ሁኔታ» ከሚለው መዝገብም አንድ ደረጃ ተሻሻሉ። ሰው መሰል ከሆኑት ታላላቅ እንስሳት መካከል ቁጥራቸው እያደገ ያሉት እነርሱ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። ሒሳቡን ግን ሁሉም እኩል አልከፈለም፤ ብዊንዲ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ከደኑ የወጡት የባትዋ ሰዎች ጎሪላውን ለማየት የሚጠየቀውን ዋጋ በዕድሜያቸው አያገኙትም።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ሊያጠና ያሰበው ጎሪላን አይደለም፤ በስሜን ተራሮች ያለውን ጭላዳን ነው። ጭላዳ ጅራት ያለው ነው፤ ከጎሪላም ጋር ዝምድናው ሩቅ ነው፤ ነገር ግን ሰው በመካከሉ ቢቀመጥ ሣሩን እየነጨ ዝም ስለሚል የጎብኚውን እግር የሚፈትን እንስሳ ነው። ከወር በኋላ አዲስ ንድፍ ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አውጥቶታል። በምትኩ፣ የአካባቢው ሁኔታ ሲፈቅድ፣ ሳንቃበር ላይ ተቀምጦ በጎብኚውና በጭላዳው መካከል ያለውን ርቀት በእርምጃ ይገምታል፤ ቀድሞ የተጠጋው ማን እንደ ሆነም ይመዘግባል፤ መጠይቁን የሚያድለው ሰዎቹ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ነው። የሩዋንዳውን ነገር አጫወትሁት።

«መምህር፣ ያን ዕለት በስንት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ?» አለኝ።

«በሁለት» አልሁት።

ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።