ከሐረር ሽቦ እስከ ዳንግላ፤ የመሥሪያ ቤቶች መገናኛ መስመር ታሪክ

የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1894፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ጋራ ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ሽቦው በመጀመሪያ ያገለገለው ተራውን ሕዝብ ሳይሆን ቤተ መንግሥቱንና አገረ ገዥዎቹን ነበር፤ ስለዚህም ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ወደ መናገሻው ከተማ ያመሩ ነበር።

ይህ አቀማመጥ ከመቶ ዓመት በኋላም አልጠፋም። የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ለማያያዝ የተቋቋመው ወረዳ ኔት ብዙዎቹን ያገናኘው በሳተላይት ሲሆን፣ ማዕከሉም አዲስ አበባ ነበር። እንጅባራና ዳንግላ በባሕር ዳር ጎዳና ላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱ በእንዲህ ያለ መረብ ብቻ ቢገናኙ፣ የእንጅባራው መልእክት 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ እንደገናም ያንኑ ያህል ወጥቶ ዳንግላ ይደርሳል። መዘግየቱ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው። ለደብዳቤ ይህ ምንም አይደለም፤ በቃል ለሚነጋገሩ ግን ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጀምረው ባንድ ጊዜ ዝም እንዲሉ ያደርጋል።

የኪራይ መስመር ይህን ዙሪያ ጥምጥም ያስቀራል። ይኸውም ከቴሌ ተከራይቶ፣ ሌት ተቀን ለአንድ ደንበኛ ብቻ ተለይቶ የሚቆይ መስመር ነው። በሁለቱ ጫፍ ራውተር ይተከላል፤ የኮምፒውተሮቹም አድራሻ ቁጥር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ይከፋፈላል። ችግሩ ከሙያው ይልቅ በገንዘቡ ላይ ይመስለኛል፤ መስመሩ ሥራ ፈቶ ቢውልም ኪራዩ አይቀርምና፣ ጎረቤቱን ለማነጋገር የሚሻ የዞን ጽሕፈት ቤት በየወሩ የሚከፍልበት በጀት ሊፈቀድለት ይገባል።