ካርቡራተር ያላቸው ተሽከርካሪዎች በዳገት ላይ ሲቆራረጡ ሊወሰድ የሚገባ ጥንቃቄ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጡ የቆዩ የቤንዚን ተሽከርካሪዎች ሞተራቸው ሊቆራረጥ፣ ጥቁር ጭስ ሊያወጣ ወይም ሊጠፋ ይችላል። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በአግባቡ ለመቃጠል 15 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። በእንጦጦ አናት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ የሚለቀው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪ ከፍታ ሲጨምር ቤንዚኑን በእጁ ይቀንሳል፤ አሽከርካሪ ይህ ዕድል የለውም።

ካርቡራተሩን ከማስፈታትዎ በፊት የአየር ማጣሪያው አለመታፈኑንና ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ። ከዚያም ካንዴላውን አስፈትተው ይመልከቱ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ ይህ ሳይስተካከል ካንዴላ መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው። አንዳንዶች ማጣሪያውን አውጥተው ይነዳሉ፤ ለጊዜው የሚረዳ ቢመስልም አቧራው ሲሊንደሩን ይበላል። ለከፍታ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ቆላ ሲወርድም ቤንዚን ስለሚያንሰው ሞተሩን ሊያግል ይችላል፤ ከረጅም ጉዞ በፊት ለመካኒክዎ ይንገሩ።

ከሁሉ የሚያሰጋው ሞተሩ ዳገት ላይ ሲጠፋ ነው። የፍሬን አጋዥ ያላቸው ተሽከርካሪዎች ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አጋዡ ከጥቂት ርግጫ በላይ አይሠራም፤ ፍሬኑም ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ስለሆነም ፔዳሉን ሳይለቁ አጥብቀው ይርገጡ፤ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፤ ማርሽ ያስገቡ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ እስኪደረግ ድረስ እግርዎን አያንሡ። ወደ ኋላ እየተንከባለሉ ለማስነሣት ፈጽሞ አይሞክሩ።