የቴሌቪዥኑ ኮምፒዩተር ለመልክ እንጂ ለአሠራር አይመሰክርም

በ1987 በአሜሪካ መታየት የጀመረውን ‹‹ስታር ትሬክ፡ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን›› የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ያየ ሰው የጠፈር መርከቧን መኮንኖች እጅ አይዘነጋም፡፡ ከፊታቸው ጥቁር፣ ለስላሳና ጠፍጣፋ ሰሌዳ ተዘርግቷል፡፡ ወደ ውስጥ የሚገባ ቁልፍ ወይም የሚጎተት ማርሽ አይታይም፡፡ ጣታቸውን ባለቀለም መደቦች ላይ ሲያሳርፉ ግዙፏ መርከብ ትታዘዛለች፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ሰውና ኮምፒዩተር የሚገናኙበት እንዲህ ያለው ገጽ በሙያው አጠራር ኢንተርፌስ ይባላል፡፡ የልቦለድ ኢንተርፌስ የሚባለው ደግሞ በእውን የሌለን ኮምፒዩተር ያለ ለማስመሰል ለፊልም ወይም ለቴሌቪዥን የሚሠራው ነው፡፡ ነገሩ ከመዝናኛነት ያለፈ ትኩረት የሚሻው፣ ማስመሰያው ከቴሌቪዥን መስኮት ወጥቶ ፍርድ ቤት ድረስ በመዝለቁና በእውኑ ዓለምም ተመሳሳዮቹ በየቤቱና በየመርከቡ በመግባታቸው ነው፡፡

የድራማው ሰሌዳ ‹‹ኤልካርስ›› የሚል ስም አለው፡፡ ትርጉሙም ‹‹የቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር መረጃ መድረሻና ማውጫ ሥርዓት›› እንደ ማለት ነው፡፡ የነደፈው ማይክል ኦኩዳ የተባለ የግራፊክስ ባለሙያ ሲሆን፣ ሰሌዳዎቹም በስሙ ‹‹ኦኩዳግራም›› እየተባሉ ይጠራሉ፡፡

ሰሌዳው ለስላሳ የሆነው ግን በታላቅ ሳይንሳዊ ራዕይ ብቻ አይደለም፡፡ ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነበር፡፡ በ1966 የተጀመረው የመጀመሪያው ‹‹ስታር ትሬክ›› ሰሌዳዎች በአምፖልና በቁልፍ የተሞሉ ነበሩ፡፡ ኦኩዳ ራሱ እንዳስረዳው፣ ያን የመሰለውን ሁሉ ለአዲሷ መርከብ ገዝቶ መግጠም ለቴሌቪዥን በጀት ከባድ ነበር፡፡ ስለዚህ ንድፉ ብርሃን በሚያሳልፍ ፊልም ላይ ይታተማል፤ ፕሌክሲግላስ ከሚባለው መስታወት መሰል ፕላስቲክ ጀርባ ይደረጋል፤ ከኋላው መብራት ይበራል፤ በቃ! ተዋናዩ ቢነካው የሚሠራ ነገር የለም፡፡ የመነካቱ ድምፅ በኋላ ይጨመርለታል፡፡

ይህን ማጭበርበር ነው ማለት አይቻልም፡፡ የልቦለድ ኢንተርፌስ የሚያገለግለው ተመልካቹን እንጂ ተጠቃሚውን አይደለም፡፡ ተመልካቹ በአንድ አፍታ ‹‹መርከቧ አደጋ ላይ ናት›› ብሎ መረዳት አለበት፡፡ የይለፍ ቃል የረሳ ሠራተኛ ወይም በስህተት የተነካ ቁልፍ ታሪኩ ካልፈለገው በቀር አይታይም፡፡ በሕጉ ቋንቋ ለመናገር፣ ምስክር የሚመሰክረው በሚያውቀው ጉዳይ ላይ ብቻ ነው፡፡ የቴሌቪዥኑ ስክሪንም መልክን ያውቃል፤ አሠራርን ግን አያውቅም፡፡

ይህ ምስክር በእርግጥም ፍርድ ቤት ቀርቧል፡፡ አፕል በ2011 ‹‹የአይፓድን ንድፍ ቀድቶብኛል›› ሲል ሳምሰንግን በካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፡፡ ሳምሰንግም ንድፉ አዲስ አለመሆኑን ለማስረዳት ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ያቀረበውን ‹‹2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ›› ፊልም ጠቀሰ፡፡ በፊልሙ ሁለት ጠፈርተኞች እየተመገቡ ጠፍጣፋና ስስ ስክሪን ይመለከታሉ፡፡ ከአፕል ጋር ባደረገው ክርክር ከ1973 እስከ 1979 የታየውን ‹‹ዘ ቱሞሮው ፒፕል›› የተባለ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማም ጠቅሷል፡፡

ክርክሩ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም ከሕግ አንጻር መሠረት ነበረው፡፡ የኢንዱስትሪ ንድፍ መብት የሚጠብቀው የዕቃውን መልክ ብቻ ነው፡፡ መልኩ ቀድሞ ለሕዝብ ታይቶ ከሆነ፣ የታየው ነገር ሠራም አልሠራም ‹‹አዲስ አይደለም›› የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፡፡ የአሠራር ፈጠራን ፓተንት ለመቃወም ግን ሥዕል ማሳየት አይበቃም፡፡ የቀደመው መግለጫ ባለሙያ አንብቦ ዕቃውን ለመሥራት የሚያስችለው መሆን አለበት፡፡ ፕሌክሲግላስ ይህን ፈተና አያልፍም፡፡

በነሐሴ 2012 ዳኝነቱን የሰጡት ጁሪዎች የሳምሰንግ ታብሌት የአይፓዱን ንድፍ አልጣሰም አሉ፡፡ ይሁንና የአፕልን የንድፍ መብት ዋጋ ቢስ ነው አላሉም፡፡ በስልኮቹ ጉዳይ ደግሞ ሳምሰንግ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰኑበት፡፡ ስለዚህ ‹‹ፊልሙ ረታ›› ብሎ መደምደም አይቻልም፡፡

ሁለተኛው የልቦለድ ኢንተርፌስ ዓይነት ድምፅ ነው፡፡ በ‹‹ስታር ትሬክ›› ‹‹ኮምፒዩተር!›› ብሎ የጠራ ሰው መልስ ያገኛል፡፡ ለረጅም ዓመታት ድምፁን የሰጠችው የድራማው ፈጣሪ የጂን ሮደንቤሪ ባለቤት ማጀል ባሬት ነበረች፡፡ አማዞንም በ2017 ‹‹አሌክሳ›› ለተባለው የድምፅ ረዳቱ ይህንኑ ‹‹ኮምፒዩተር›› የሚለውን ቃል እንደ አማራጭ መጥሪያ አድርጎ አቀረበ፡፡ ድራማው ያላሳየን ግን የተነገረው ቃል የትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ ነው፡፡ በ2023 የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናትን የድምፅ ቅጂ ከሕግ ውጭ አቆይቷል ብሎ በመክሰሱ፣ አማዞን 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፡፡

ከሁሉም የሚከብደው በባሕር ላይ የደረሰው ነው፡፡ በነሐሴ 2017 የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ‹‹ጆን ኤስ ማኬን›› በሲንጋፖር ወሽመጥ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ 10 መርከበኞች ሞቱ፡፡ የመርከቧ መሪና የፍጥነት መቆጣጠሪያ በጣት በሚነካ ስክሪን የሚሠራ ነበር፡፡ መርከበኞቹ ቁጥጥሩን ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ሲያዛውሩ ግራ ተጋቡ፤ መሪው የጠፋባቸው መሰላቸው፡፡ ፍጥነት ሲቀንሱም የቀነሰው የአንዱ ወገን ብቻ ስለነበር መርከቧ ወደ ግራ ዞረች፡፡ የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ለአደጋው ዋና ምክንያት ያደረገው በቂ ሥልጠናና ቁጥጥር አለመኖሩን ነው፡፡ ሆኖም ስክሪኑ ላይ ያለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ እንደ ማርሽ በእጅ ተዳስሶ የማይለይ መሆኑን ጠቅሷል፡፡ ባሕር ኃይሉም በዚያው ዓመት በዚህ ዓይነት መርከቦቹ ላይ በእጅ የሚጨበጠውን መቆጣጠሪያ እንደሚመልስ አስታወቀ፡፡

ለዚህ አደጋ ‹‹ስታር ትሬክ››ን ተጠያቂ ማድረግ አይገባም፤ መርከቧን የነደፈው ኦኩዳ አይደለም፡፡ ነገር ግን ለስላሳ ስክሪን ሁሉ የሥልጣኔ ምልክት የሚመስለን ከሆነ፣ ለዓይናችን ይህን ካስተማሩት አንዱ ቴሌቪዥን ነው፡፡

ለባንክ፣ ለሆስፒታልም ሆነ ለቢሮ አዲስ ሥርዓት እንዲመርጥ ኃላፊነት የተሰጠው ሰውም ከሻጩ ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ያው ተመልካች ነው፡፡ ከመፈረሙ በፊት ሦስት መስቀለኛ ጥያቄዎች ቢያነሳ ይጠቀማል፡፡ ይህ ገጽ የተሠራው ለሚያየው ነው ወይስ ለሚሠራበት? ሠራተኛው ሲሳሳት ምን ያሳየዋል? የተቀበለውን መረጃስ የት ያኖረዋል? እነዚህን ሳይመልስ ‹‹መልኩን እዩልኝ›› የሚል ስክሪን ከጀርባው ያለው መብራት ብቻ ሊሆን ይችላል፡፡