ክፉ ቀንና የዘር እህል

የአገራችን የረሀብ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የሚቆጠረው የሞተው ሰውና ያለቀው ከብት ነው። ተገቢም ነው። ነገር ግን ከሰውና ከከብት ጋር አብሮ የሚያልቅ፣ ሲያልቅም ለቅሶ የማይደረስለት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ለዘር ተብሎ የተቀመጠው እህል ነው። የአየር ንብረት ተለውጧልና ግብርናችንን ከለውጡ ጋር እንዴት እናላምደው የሚለው ጥያቄ ዛሬ በየስብሰባው ይነሳል። እኔ ታሪክ አንባቢ እንጂ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። የማነሳውም ጥያቄውን ከታሪክ ወገን ለማየት ያህል ነው።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀውን ክፉ ቀን እናስታውስ። በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀው፤ ዝናቡ ጠፋ፤ አንበጣውም ተከተለ። በሬ ያለቀበት ገበሬ መሬቱን ሳያርስ ቀረ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ምሳሌ መሆናቸው ይነገራል። ታሪኩ ሲወሳ ብዙዎቻችን የምናደንቀው የንጉሡን ትሕትና ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ የሚቀጥለው ነገር ነው። መሬቱስ በዶማ ተቆፈረ እንበል፤ ምን ሊዘራበት ነው? ልጆቹ በረሀብ ሲያለቅሱ ጎታው ውስጥ ያለውን እህል «ለሰኔ ነው» ብሎ የሚያስቀር አባት ከየት ይመጣል?

የጠፋውን ነገር ዋጋ ለማወቅ ገበሬያችን ዘሩን እንዴት ይጠቀምበት እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። በወሎ የማሽላ አገር ዝናቡ በሚያዝያ ከጣለ ዘግይቶ የሚደርሰው፣ ምርቱ የሚበዛው ማሽላ ይዘራል። ያ ካልሆነ ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ ይከተላል። እርሱም ካልተሳካ መሬቱ ተገልብጦ ጤፍ ይዘራበታል፤ በመጨረሻም በመሬቱ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይሞከራል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሰማይ ጋር የሚደረግ ክርክር ነው። ክርክሩ የሚቻለው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ዘር በእጅ ካለ ብቻ ነው።

እነዚህን ዘሮች የመረጠው ሌላ ማንም ሳይሆን ገበሬው ነው። የወሎ ሰው አንዱን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ሰይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የተገኙ የማሽላ ዓይነቶችን ቢመረምሩ፣ ላይሲን በተባለው ለሰውነት ግንባታ አስፈላጊ በሆነ ንጥረ ነገር ከሌሎች ልቀው የተገኙት የዚሁ ወገን ሆኑ። ስሙ ከቤተ ሙከራው ቀድሞ እውነቱን ተናግሯል።

የውጭ ሰዎችም ይህን ሀብት ቀደም ብለው አይተውታል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችን መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ መኰንን ጋርም ተገናኝቶ፣ በሺህ የሚቆጠር የእህል ናሙና ሰብስቦ ተመልሷል። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል ምንጮች አንዷ አድርጎ መድቧታል። የእርሱ መጨረሻ ያሳዝናል። ለዓለም እህል ሲሰበስብ የኖረው ሰው እ.ኤ.አ. በ1943 በስታሊን እስር ቤት ተርቦ ሞተ። ሌኒንግራድ በጀርመኖች በተከበበች ጊዜም የተቋሙ ባልደረቦች የዘር ክምችቱን ሲጠብቁ፣ ከሩዙና ከስንዴው አጠገብ በረሀብ ወደቁ። እነዚያ ሊቃውንት የራሳቸውን ነፍስ ሰጡ። የወሎዋን እናት ግን የልጇን ነፍስ ስጪ ማለት አይቻልም።

በእኛም አገር የዘር ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ትብብር ነው። ዛሬ የያዘው ናሙና ከ80 ሺህ ይበልጣል። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። ከሥራቸው ሁሉ ለእኔ ትልቁ፣ ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ይኑር ብለው መነሳታቸው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር የተሰበሰበበትን ዓመት አየር ብቻ ያውቃል፤ በማሳ ያለው ግን ከዓመት ዓመት ከድርቁም ከውርጩም እየተማረ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የአገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ መጨመሩን ስናስብ፣ ይህ ትምህርት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እንረዳለን።

የድሮ ዘር ሁሉ ይበልጣል ማለቴ ግን አይደለም። ጥሩ ዝናብ በጣለ ዓመት የተሻሻለው ዘር ብዙውን ጊዜ ያስከነዳዋል። ዳሩ ግን የተሻሻለውስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ቁንጮ» የተባለው ጤፍ የተገኘው ማኛና ዱከም የሚባሉ ሁለት የአገር ውስጥ ዓይነቶችን በማዳቀል ነው። ንጣቱን ከአንዱ፣ ምርታማነቱን ከሌላው ወረሰ። በትግራይ ሀገረ ሰላምና በአማራ ገረገራ ደግሞ 30 ሴቶችና 30 ወንዶች ገበሬዎች 400 የስንዴ ዓይነቶችን መዝነው ደረጃ ሰጥተዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም፣ ከነባሮቹ አንዳንዶቹ ከተሻሻሉት በልጠው ተገኝተዋል። አዲሱ የአሮጌው ልጅ ነው፤ እናቱ ከሞተች አይወለድም።

ታዲያ ታሪኩ ምን ይመክረናል? በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. እርዳታው የደረሰው ሰው ከቀዬው ተነቅሎ መጠለያ ከገባ በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ የዘር እህሉ ተበልቷል ወይም ተሸጧል። ነፍስ የተረፈው ገበሬ ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ አባቶቹ ከሰማይ ጋር ይከራከሩበት የነበረውን መሣሪያ አጥቶ ነው። ከዚያ በኋላ የታደለውን አንድ ዓይነት ዘር ይዘራል፤ ዝናቡ ከዘገየ ሁለተኛ ምርጫ የለውም።

ስለዚህ ለድርቅ የሚሰጥ ቀለብና ለአየር ለውጥ የሚደረግ ዝግጅት በሁለት መዝገብ መጻፋቸው ትክክል አይመስለኝም። በልጉ እንደቀረ፣ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የደረሰ አንድ ኩንታል እህል ሁለት ነገር ያድናል። ቤተሰቡን ያድናል፤ ጎታው ሥር ያለውንም ዘር ያድናል። ዘግይቶ የደረሰው ኩንታል ግን፣ ከደረሰም፣ የሚያድነው ቤተሰቡን ብቻ ነው።