አኮፋዳና የጀርባ ቦርሳ

በ2004 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ቦርሳ በጀርባዬ አዝዬ፣ ስምንት መቶ ብር በኪሴ ይዤ ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድሁ። አሳቤ ወንዙን ተሻግሬ በአንዳቤት በኩል መውጣት፣ እስቴን አቋርጦ ጋይንት ቤተልሔም መድረስ ነበር። መኪና ባለበት በመኪና፣ በሌለበት በእግር። ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ «ምነው፣ ፈረንጅ ሆንህ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ቦርሳ አዝሎ ለብቻ በተራራ መንከራተት፣ በጥቂት ሳንቲም ውሎ ማደር፣ የባሕር ማዶ ወጣቶች ፈሊጥ መስሏቸው ነው።

እኔ ግን የምከተለው የአያቴን ዱካ ነበር። አያቴ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። በጎጃም ቅኔ ከተማሩ በኋላ ድጓ ሊያስመሰክሩ በዚሁ ቁልቁለት ወርደዋል። ልጅ ሳለሁ ይህን ለጓደኞቼ መናገር አፍር ነበር፤ «አያትህ ለማኝ ነበሩ» እንዳይሉኝ።

የአገራችን ሊቃውንት ዕውቀትን በአንድ ከተማ አላከማቹም፤ በተራራው ሁሉ በተኗት እንጂ። ቅኔ የሚሻ ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ይሄዳል። ድጓ የሚያስመሰክር ቤተልሔም ይወጣል። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ነው፤ አቋቋም ጎንደር፤ ቅዳሴ ሰላልኩላ። ስለዚህ መማር ማለት መሄድ ማለት ነበር። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው በሚወስደው መንገድ ላይ ወንዝ አለ፣ ገደል አለ፣ ውርጭ አለ። ተማሪው ሆን ብሎ ከተወለደበት ቀዬ ይርቃል፤ ቅርብ ከሆነ እናቱ ናፍቃ ትመጣለች፣ ወይም አባቱ ለእርሻ ይጠራዋል።

ጓዙስ ምን ነበር? ለብርዱ ለምድ፣ ለውሻው ዱላ፣ ለእንጀራው አኮፋዳ። በቃ። እኔ በቦርሳዬ የመኝታ ከረጢት፣ የእጅ ባትሪ፣ የውኃ ማጣሪያ ኪኒን፣ ሁለት ጥንድ ጫማ ይዤ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግማሹን ጥዬው ብሄድ ደስ ባለኝ።

የአያቴ ቀኝ ባት ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ ነበር። ተማሪ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል አስቀድሞ የሚመልስለት ውሻው ነው። ከዚያ ባለቤቷ ኩርማን እንጀራ ይዛ ትወጣለች፤ ወይም «እግዜር ይስጥልን» ትላለች። የተሰጠው በጎጆው ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። ይህን ሕይወት ከሩቅ ሆኖ ማስዋብ ቀላል ነው። አያቴ ግን አላስዋቡትም፤ ስለ ረኃቡ ሲጠየቁ ዝም ይሉ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ራሳቸው በጎጃም አድባራት ቅኔ የተማሩ ናቸውና፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ሲስሉ ይህን ዓለም ከውስጥ ያውቁታል።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ገደማ፣ በታኅሣሥ 1959 ዓ.ም.፣ ደርቭላ መርፊ የተባለች አየርላንዳዊት ብቻዋን ምጽዋ ላይ ወርዳ ወደ አዲስ አበባ በእግሯ ጉዞ ጀመረች። ጓዟን የሚሸከምላት ጆክ ያለችው በቅሎ ነበር። ስለ መንገዱ የጻፈችው መጽሐፍ በ1968 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጀግንነቷን አልነፍጋትም። ከእርሷ በፊት በ1955 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶማስ ፓከናም የሚባል፣ ገና ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት፣ ጋይንት ቤተልሔም ደርሶ በክቡ የሣር ክዳን ሥር ተሸፍኖ የኖረውን ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ መቅደስ ለውጭው ዓለም አሳወቀ። በውጭ መጻሕፍት ቤተ ክርስቲያኑን «ያገኘው» እርሱ ነው። እንግዲህ ከእርሱ በፊት በዚያ ድጓ ሲያስመሰክሩ የኖሩት ተማሪዎች የት እንደ ገቡ ሳያውቁ ገብተው ወጥተዋል ማለት ነው! መርፊም ፓከናምም ጻፉ፤ እነርሱ አልጻፉም። ልዩነቱ ይኸው ይመስለኛል።

ስባራ ድልድይ ከቀትር በኋላ ደረስሁ። በ17ኛው መቶ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከማዶ ሰዎች እየጎተቱት፣ ከክፍተቱ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። እኔ በተንጠልጣዩ የብረት ገመድ ድልድይ ላይ ስሻገር እንኳ ቁልቁል ለማየት ልቤ አልቻለም።

አንዳቤት ላይ መሸብኝ። የአንዲት እናት ደጅ ቆሜ «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፤ ያሳድሩኝ» አልሁ፤ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ለራሴም ተሰማኝ። አስገቡኝ፤ እግሬን አጥበው፣ ሽሮ አቅርበው፣ በመደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉልኝ። ጠዋት ሃምሳ ብር ብዘረጋ ፊታቸው ተለወጠ። «ቤቴን ሆቴል አደረግኸው?» አሉኝ። ብሩን ወደ ኪሴ ስመልስ እንደዚያ ቀን ገንዘብ ከብዶኝ አያውቅም።

ከእስቴ በኋላ መንገድ ስቼ ዋልሁ። ስንቄ አለቀ፤ ሱቅ የለም፤ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው። አንድ የጽድ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ ዐሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ለምድ ደርቦ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠ። ከንፈሬን አየ መሰለኝ፣ ሳልጠይቀው አኮፋዳውን ከፍቶ ከሦስት ቤት የተለቀመ፣ መልኩም ጣዕሙም የተለያየ እንጀራ አወጣና ትልቁን ቁራጭ ሰጠኝ። በላሁ። ደረቅ ነበር፤ አንዱ ቁራጭ ሻግቶ ነበር፤ እርሱንም በላሁ።

ልጁ ቦርሳዬን ደጋግሞ ሲያይ ቆየና በትሕትና ጠየቀኝ፦

«ጋሼ፣ እርስዎ የማን ተማሪ ነዎት?»

የአያቴን ስም ነገርሁት።